ጫንቃ የነጠቀው ቦርሳ

እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ጠፋ። ጎረቤቱም፣ አሠሪዎቹም፣ የገዛ ሚስቱም የሚጠሩት «ጫንቃ» እያሉ ነው። ዕድሜውን የገፋው ከከተማው ዳር ባለው የጎልፍ ሜዳ የባለጸጎችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከመ ኳሳቸውን ሲከተል ነው። ከዚህ የተነሳ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሏል። የቦርሳው ማንገቻ የሚያርፍበት ቦታ ሥጋው ጠጥሮ ጉብታ ሠርቷል። አዲስ ሸሚዝ ሲለብስ ከሰውየው በፊት ጉብታው ይታያል። ሚስቱም፣ «ልብስ ሰፊው አንተን ለክቶ በጨረሰ ቁጥር መቀሱን ጥሎ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል» እያለች ትቀልድበታለች።

ጫንቃ አንድ አመል አለበት። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ሸክም ይዞ ካየ እጁ አያስችለውም። አባቱ፣ «ሽበት ተሸክሞ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያየ ጎረምሳ ዕድሜ አይጠግብም» እያሉ ነው ያሳደጉት። አንድ ጊዜ አውቶቡስ መናኸሪያ አንዲት አሮጊት ከነከረጢታቸው ሲንገዳገዱ አየና ከረጢቱን ከጀርባቸው ላይ መንትፎ ፊት ፊት ሄደ። ሴትዮዋ «ሌባ» ብለው ጮኹ። ሰዉ ከቦ በጃንጥላ ሲቀጠቅጠው ከረጢቱን አልለቀቀም። እያበጠም ቢሆን ደጃፋቸው ድረስ አደረሰላቸው። ሚስቱ የዚያን ዕለት ፊቱን በጨው ውሃ እየጠረገች፣ «አንተን ፈጣሪ ሲሠራ እጅህን ጨርሶ ጭንቅላትህን ለነገ አሳደረው» አለችው።

ብዙውን ጊዜ ቦርሳቸውን የሚሸከምላቸው ሰው የጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ሐኪሙ በተማሪነታቸው ባሕር ማዶ ኖረዋል። እዚያ ጨዋታው ተጀመረ የሚባልበት፣ ባሕር ዳር ያለ እጅግ ጥንታዊ ሜዳ አይተው ኖሮ፣ ኳስ በመቱ ቁጥር ስለ እሱ ያወራሉ። «እዚያ ያልተጫወተ ሰው ተጫወትኩ አይበል» ይላሉ። ጫንቃም ቦርሳውን ብቻ ሳይሆን ይህንን ወሬ አብሮ ሲሸከም ኖረ። በሐሳቡም ሜዳውን ሠራው። ሣሩ እንደ ከፋይ የለሰለሰ፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ ጥላ የተከበበ፣ ሰው በሹክሹክታ የሚነጋገርበት ቦታ አድርጎ አስቀመጠው።

በኋላ ሐኪሙና ሦስት የጎልፍ ክበቡ አባላት ወደዚያ ለመሄድ ተነሱ። ሊሄዱ ሲሉ አንዱ መሐንዲስ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ክበቡ የእሳቸውን ቦታ በየዓመቱ የቦርሳ ተሸካሚዎች በሚያደርጉት ውድድር ለሚያሸንፍ እንዲሰጥ ወሰነ። አሸናፊው ጫንቃ ሆነ። ሐኪሙም፣ «ስማ፣ የምትሄደው ተጫዋች ሆነህ ነው። የእኔን ቦርሳ ለመንካት እጅህን ብትዘረጋ መርፌ አለኝ፣ አደነዝዝልሃለሁ» አሉት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሱሪ እያሳጠረችለት ወሬውን በጥርጣሬ ሰማች።

«ባሕር አቋርጣችሁ ጉድጓድ ፍለጋ?»

«ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ነው እኮ። ታሪካዊ ነው።»

«የእኛ መንገድ ላይ ያለውስ? አያቴ የወደቁበት ገና አልተደፈነም። ታሪክ ከፈለጋችሁ እሱን አታዩም?»

ሳቁ። ከዚያ መርፌዋን ሱሪው ላይ ሰካችና ድምጿን ቀነሰች። «አደራህን፣ እዚያ የሰው እቃ እንዳትነካ። አንድ ቀን እንኳ እጅህን እያወዛወዝክ ሂድ።»

እሱም ከዚህ ሌላ የሚመኘው አልነበረም። በዚያ ስመ ጥር ሜዳ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተጫዋች ተብሎ፣ አንድ ዙር መጨረስ። ሜዳ የሚባለው ነገር ያለ ቦርሳ ምን እንደሚመስል ማየት።

ከሰማይ ወርደው በአውቶቡስ ከተጓዙ በኋላ እዚያው ባሕር ዳር ደረሱ። ጫንቃ ከአውቶቡሱ ወረደና ዙሪያውን አየ።

«ሜዳው የት ነው፣ ዶክተር?»

«ቆመህበት የለም እንዴ።»

ጫንቃ ወደ እግሩ አየ። ሣሩ አጨዳ ያለፈበት ማሳ ይመስላል፣ ቢጫ ነው። ዛፍ የሚባል የለም። መሬቱ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል። ንፋሱ ቆብ ብቻ ሳይሆን ጆሮ ይዞ የሚሄድ ነው። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን እያስከተለች፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ልጁን በጋሪ እየገፋ፣ ታላቁን ሜዳ መሐል ለመሐል አቋርጠው ይሄዳሉ። ከልካይ የለም። ጫንቃ አፉን ከፍቶ ቀረ። በእነሱ ሜዳ አንድ ቦታ እንደዚህ ሣር ቢደርቅ ውሃ አጠጪው በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ይሆናል።

ሐኪሙ ተንበርክከው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከተጓዦቹ አንዱ፣ በስሙ ሳይሆን በንግዱ «ሲሚንቶ» የሚባለው ነጋዴ ከኋላ መጣ። «ዶክተር፣ አይዞህ። ጠፍ መሬት ማየት ሁሉንም ያስለቅሳል።»

አራተኛዋ ተጓዥ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ ዳኛ» ይሏቸዋል። የአገሩን ቋንቋ ከሁሉም አጥርተው የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። «በቃ ተነሱ» አሉ፤ «ተራችን ደርሷል።»

በዚያ ሜዳ ያለ ተሸካሚ መጫወት አይፈቀድም። ተሸካሚዎቹ ከአንዲት የእንጨት ጎጆ ፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሁሉም ቁጥር ያለበት አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰዋል። ተራ አስከባሪው ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ሰው ነው። በመስኮቱ ብቅ ብሎ በጣቱ እየጠቆመ ለሁሉም ደለደለላቸው። ለሐኪሙ ጎረምሳ፣ ለሲሚንቶ ጎረምሳ፣ ለእትዬ ዳኛ አንዲት ጠንካራ ልጃገረድ ደረሳቸው። ለጫንቃ የደረሰው ግን ከአግዳሚው ጫፍ ሲነሳ ጉልበቱን በእጁ የደገፈ ሰው ነው። ጸጉሩ የጥጥ ክምር ነው። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ፊቱን ንፋሱ እንደ አሮጌ ጫማ አጨማዶታል።

ሰውየው የጫንቃን ቦርሳ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና በአንገቱ «ሂድ» አለው።

ጫንቃ ድርቅ አለ። እንደ አባቱ ያለ ሰው ሸክሙን ይዞለት፣ እሱ እጁን እያወዛወዘ ከፊት ሊሄድ ነው። የመጀመሪያውን ኳስ ሲመታ ዓይኑ ሽበታሙ ላይ ነበር። ኳሱም ውሻ ወዳላት ሴትዮ በረረ።

ሐኪሙ ደግሞ በሁለተኛው ጉድጓድ ኳሳቸውን ተከትለው አሸዋ ውስጥ ገቡ። አሸዋው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ገደል ነው፣ ግድግዳው በሣር ጡብ የተገነባ። ከውጭ የሚታየው ቆባቸው ብቻ ነበር። ዱላው ይነሳል፣ አሸዋ ይበተናል፣ ኳሱ የለም።

ሲሚንቶ ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ። «ዶክተር፣ ይሄ መንጋጋ ነው፣ ሥሩ ረጅም ነው። ማደንዘዣ ላቀብልህ?»

«ዝም በል።»

«አፍህን ትንሽ ከፈት አድርግ።»

ሁሉም ሲስቁ ጫንቃ አልሳቀም። የሚያየው ሽበታሙን ነው። ሰውየው ቦርሳውን አውርዶ ጉልበቱን ያሻል። ለቀጣዩ ሲነሱ ጫንቃ ታገሠ፣ ታገሠ፣ አልቻለም። ወደ ሰውየው ሄደና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አባቴ፣ ይስጡኝ።»

ሰውየው ግራ ገብቶት እትዬ ዳኛን አየ። እሳቸውም እንደ ችሎት ቃል በቃል ተረጎሙለት። ሽበታሙ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አለ፣ እትዬ?»

«የዚህ ሰው አባት አይደለሁም፣ ቦርሳውም ሥራዬ ነው ይላል።»

ጫንቃ ፈገግ አለ። ይሄማ የሚታወቅ ነው። የተከበረ ሰው መግደርደር አለበት። ውሃ እንኳ ሲቀርብለት መጀመሪያ «ጠጥቻለሁ» ይላል። ዝም ብሎ የሚቀበል ሽማግሌም፣ ዝም ብሎ የሚተው ጎረምሳም ስድ ነው። «ግድ የለም፣ አባቴ» አለና ማንገቻውን ያዘ። ሰውየው እምቢ አለ። ጫንቃ ደገመ። ሰውየው አሁንም እምቢ አለ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ጫንቃ የልመናዎችን ሁሉ መጨረሻ አመጣ።

«በሞቴ።»

እትዬ ዳኛ ወደ ሽበታሙ ዞሩ። ከዚያም ቃሉን እንዳለ ወደ ሰውየው ቋንቋ መለሱት፤ «እምቢ ካልከኝ ልሙት ይላል» አሉት።

ሽበታሙ ዓይኑ ፈጠጠ። ጫንቃን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እጁም ሳያስበው ከማንገቻው ላይ ተላቀቀ።

«ታሟል እንዴ? ብሎ ይጠይቃል» አሉ እትዬ ዳኛ።

ጫንቃ ግን ቦርሳውን ቀኝ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ጀምሮ ነበር። ጉብታው ቦታውን አገኘ። ወዲያው የመታው ኳስ ቀጥ ብሎ ሄደ። የሚቀጥለውም ቀጥ አለ። ሰውነቱ ለካ ያለ ሸክም ሚዛን አያውቅም። ሐኪሙ ጠጋ ብለው፣ «ተው አንተ፣ ሰው እያየን ነው» አሉት። ጫንቃ፣ «ይዩን፣ ዶክተር፣ ሽማግሌ አሸክሞ ማን ይኮራል?» ብሎ እየሳቀ አለፈ። ሽበታሙ ባዶ እጁን፣ ከኋላቸው፣ መሬት መሬት እያየ ተከተላቸው። ጫንቃ ያን ቀን ሐኪሙንም ሲሚንቶንም አሸነፈ። በልቡም ሰውየው የመረቀው መሰለው።

ዙሩን ጨርሰው ጎጆዋ ዘንድ ሲመለሱ ተራ አስከባሪው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አልጮኸም። ወደ ሽበታሙ በጣቱ ጠቆመና ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ። ሽበታሙ የሰደርያውን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ፈታ፣ አጣጥፎ አቀበለው፣ በስስ ሹራብ ብቻ በንፋሱ ውስጥ ወደ መንገዱ ሄደ።

«የት ሄደ? ምን አለው?» አለ ጫንቃ።

እትዬ ዳኛ ሰውየውን በዓይናቸው እየተከተሉ መለሱ። «ከእንግዲህ አትምጣ አለው።»

«ለምን?»

«ስላረጀ አለ። ተጫዋቹ አዝኖልህ ቦርሳውን ራሱ ከተሸከመ እኔ አንተን ምን ላድርግህ አለው። ከመስኮቱ ሲያያችሁ ነበር።»

ጫንቃ ክው አለ። ቅድም ሽበታሙ የተነሳበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የተሸከመው ቦርሳ ከትከሻው ላይ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ደግነት እንጀራ ሲቆርጥ በዚህ ዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሊነሳና ሊሮጥ ፈለገ፣ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አላወቀም፤ ሰውየው ሜዳውን ከመንደሩ ከሚለየው ግንብ ማዶ ተሰውሯል።

ራት ላይ ምግቡን ሳይነካ ተቀመጠ። የዚያ አገር ፀሐይ ራት ሰዓትም አልጠልቅ አለች፣ በመስኮቱ ገብታ ሳህኑ ላይ ታፈጣለች።

«እኔ ተው አልኩህ» አሉ ሐኪሙ።

«ተው ያሉኝ ሰው ያየናል ብለው ነው እንጂ እንጀራው ይሄዳል ብለው አይደለም።»

ሐኪሙ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ እትዬ ዳኛ። «ቃሉን ተርጉሜ ነገሩን ሳልተረጉም ቀረሁ። ልሙት ይላል ብዬ ሰውየውን አስደነገጥኩት።»

ሲሚንቶ እንኳ ቀልድ አጣ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ሁለተኛው ጥንታዊ ሜዳ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ወደ አገራቸው ናቸው። ጫንቃ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ያበላሸሁትን ሳላስተካክል አልሄድም» አለ። ሐኪሙ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ያ ሜዳ ከዚህም እንደሚበልጥ ነገሩት። አልሰማም። በመጨረሻ እትዬ ዳኛ፣ «እኔም ወገቤን ስላመመኝ እቀራለሁ። ያለ አፍ የት ይደርሳል?» አሉ።

ጠዋት ሁለቱ ጎጆዋ ዘንድ ሄዱ። ተራ አስከባሪው ሻይ እየጠጣ ሰማቸው። እትዬ ዳኛ ሽበታሙ ጥፋት እንደሌለበት፣ ጫንቃ ቦርሳውን የወሰደው ሽማግሌ አክብሮ እንደሆነ፣ እምቢታውንም እንደ ወግ ቆጥሮት እንደነበር አስረዱ። ተራ አስከባሪው ሻዩን ፉት አለ።

«ምን አለ?»

«ደንበኛ ሲያዝን ማየት ለሜዳው ጥሩ አይደለም ይላል። ይችላል ካላችሁ ግን ዛሬ አንድ ሙሉ ዙር ይሸከምልህ። በሩቅ ማያ መነጽር አያለሁ ይላል። እጅህ ቦርሳውን ከነካ፣ ማንገቻውን እንኳ ከነካ፣ አበቃ።»

የሽበታሙን ቤት አጠያይቀው ሄዱ። ከግንቡ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙ ቤቶች አንዱ ነው። በሩ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ይከፈታል። ምድጃው ላይ ብረት ድስት ይንተከተካል፣ ገመድ ላይ ካልሲ ተሰጥቷል። ሽበታሙ ከመስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። አጠገቡ አንዲት ድንክዬ አሮጊት ሹራብ ደርበው፣ የላጠውን እያነሱ ይመረምራሉ፣ የወፈረውን ልጣጭ እያሳዩ ይነጫነጩበታል።

ጫንቃ ለሴትዮዋ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ባለቤታቸው ናቸው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

እትዬ ዳኛ ጠየቁለት። አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሲስሉ ሽበታሙ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው።

«እናቱ ናቸው» አሉ እትዬ ዳኛ።

ጫንቃ አንዴ ሽበቱን፣ አንዴ አሮጊቷን አየ። «እናት አሏቸው? እና ስንት ዓመታቸው ነው?»

አሁን የወሬው ሸማኔ አሮጊቷ ሆኑ፤ ድንቹን ጥለው በሁለት እጃቸው እያሳዩ ብዙ ተናገሩ። እትዬ ዳኛ ሲያዳምጡ ቆዩና አፋቸውን በመሃረብ ሸፈኑ።

«ንገሩኝ እንጂ፣ እትዬ።»

«ሽበቱ የአባቱ ነው አሉ። ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ነው የነጣው፣ ልጆች ዱቄት ይሉት ነበር። ፊቱን የበላው ንፋሱ ነው፣ ጉልበቱን ደግሞ ከብስክሌት ወድቆ ነው።» መሃረባቸውን አወረዱ። «ጫንቃ፣ አንተ ሚስት ስታገባ ይህ ሰው ገና ሱሪ አልታጠቀም። ታናሽህ ነው።»

ጫንቃ የሚይዘውን አጥቶ የምድጃውን ጠርዝ ያዘ፣ አቃጠለውና ለቀቀ። ታናሹ። «አባቴ» ብሎ የለመነው ሰው። የሚያከብረው መስሎት ከገዛ ታናሹ ሸክም ነጥቆ፣ በሰው ፊት አስረጅቶ፣ ከሥራ አስወጥቶ መጣ። ራሱን በእጁ ቢዳስስ ጠጉር እንኳ የለበትም፤ መላጣ ዕድሜ አይናገርም። ሽበታሙ ይህን ሲያይ ለእትዬ ዳኛ የሆነ ነገር አላቸው።

«እኔም እሱን ጸጉሩን የተላጨ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር ይላል። ትናንት አባቴ ሲለኝ ተራ አስከባሪው የላከው ነበር የመሰለኝ። አስከባሪው ከጸደይ ጀምሮ አርጅተሃል እያለኝ ነበርና።»

እትዬ ዳኛ የተራ አስከባሪውን ቃል ነገሩት። ሽበታሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ድንቹ ተመለሰ። ለምኜ አልገባም፣ አለ። አሮጊቷ ጎሸሙት፣ አልተነሳም።

ጫንቃ ያኔ የተቃጠለ እጁን እፍ እፍ እያለ ፊቱ ቆመ። ድምፁ ተለወጠ። ትናንት «እርስዎ» ሲለው የነበረውን ሰው «አንተ» አለው።

«ስማ አንተ። ታላቅህ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ ደጃፍህ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ አንተ ተቀምጠህ ድንች ትልጣለህ? ተነስና ቦርሳዬን ያዝ። የሚሸከምልኝ ታናሽ እያለኝ ለምን እሸከማለሁ?»

እትዬ ዳኛ በዚህ ጊዜ ቃል በቃል አልተረጎሙም። ነገሩን ነገሩት። የሚናገሩት ሁሉ ሲያልቅ በቋንቋው «ታላቅህ» ለሚለው የሚሆን ቃል ስላጡ፣ «በእኛ ዘንድ እንደዚህ ያለው ታላቅ ጋሼ ይባላል» ብለው ጨረሱ። ሽበታሙ «ጋሼ» ብሎ በአፉ አንከባለለው። ቢላዋውን ለእናቱ ሰጠና ተነሳ።

ዙሩ ተጀመረ። ጫንቃ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ኋላ አደረገው፣ ደረቱ ላይ አጣመረው። ባዶ የሆነው ትከሻው ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል። ኳሱ ቁጥቋጦ ገባ፣ ባሕር ገባ፣ አንዴም የግንቡን ድንጋይ መትቶ ወደ ኋላው ተመለሰ። ሽበታሙ ከአጠገቡ ሳይለይ ዱላ ያቀብለዋል፣ ይመክረዋል። ኳሱ ወደ አሸዋ በበረረ ቁጥር «ጋሼ» ይለዋል፤ የቃሉ ትርጉም «አይ ያንተ ነገር» የሆነ ይመስል። እትዬ ዳኛ ከኋላ በዝግታ ይከተላሉ። ጫንቃ ቀና ብሎ ሊሄድበት የተመኘው ሜዳ ይህ ነበር። እሱ ግን ከሰውየው ጉልበት በቀር ያየው ነገር የለም።

በመጨረሻው ጉድጓድ ኳሱ ሌላ የአሸዋ ገደል ውስጥ ገባ። ሽበታሙ ቀድሞ ኳሱን ሊያይለት ወደ አፋፉ ሲቀርብ እርጥብ ሣር አዳለጠው። ቦርሳው ጎተተውና እሱና ቦርሳው ተያይዘው ገደሉ ውስጥ ወረዱ። ጫንቃ ከኋላ የቻለውን ያህል ሮጦ ወረደ። ሰውየው በአሸዋው ላይ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ቦርሳው ጀርባው ላይ እንደተጫነ፣ ሊነሳ ይታገላል። ከጎጆዋ መስኮት የመነጽሩ ብርጭቆ ብልጭ አለ።

ጫንቃ እጁ ወጣ። ማንገቻው ከጣቶቹ አንድ ጋት እንኳ አይርቅም። ያን ጊዜ እጁን መልሶ፣ የያዘውን ዱላ ከጀርባው አጋድሞ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ጣቶቹ ነጡ።

«ተነስ አንተ» አለ። «ምን ትንበረከካለህ? ታላቅህ ቆሞ ይጠብቅህ? ተነስ እላለሁ።»

እትዬ ዳኛ ደርሰው ነበር፤ አልተረጎሙም። ሽበታሙ ቀና ብሎ አየው። ቅንድቡ ላይ ያለው አሸዋ ከቅንድቡ አይለይም። በእጁ መሬቱን ገፋ፣ አንድ እግሩን አቆመ፣ ሁለተኛውን አቆመ። ቦርሳውን ከጀርባው ወደ ትከሻው መለሰና ከውስጡ አጭሯን ዱላ መዝዞ ዘረጋለት። ጫንቃ ኳሱን ስንት ጊዜ እንደመታ አያውቅም። በመጨረሻ ወጣ፣ በኋላም ጉድጓዱ ገባ።

ተራ አስከባሪው ከጎጆዋ ወጥቶ ቆሟል። ሁለቱን አየ፤ አሸዋውን፣ ቦርሳውን፣ የጫንቃን ባዶ እጅ አየ። ክንዱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሰደርያ ለሽበታሙ ወረወረለት። ወዲያው ደግሞ በጣቱ ወደ አንድ ቀጠን ያለ እንግዳ ጠቆመው፤ ሰውየው ከአዲስ ቦርሳው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል።

«አሁኑኑ?» አሉ እትዬ ዳኛ፣ በእሱ ቋንቋ ሳይሆን በራሳቸው።

ሽበታሙ ሰደርያውን እያጠለቀ ነው። ጣቶቹ ስለደነዘዙ ቁልፉን ካለ ቦታው ቆለፈው፣ አንዱ ወገን ረዘመ። ጫንቃ ወደ ተራ አስከባሪው አየ። ከዚያ ቀረበና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አስተካክሎ ቆለፈለት፤ አንገቱ ላይ የቀረውን አሸዋም አራገፈለት። ይህን ማንም አልከለከለም።

ሽበታሙ የእንግዳውን ቦርሳ አነሳ። ከበድ ያለ ነው። ጉልበቱን ሳይዝ ትከሻው ላይ አደረገው፣ እንግዳውን አስከትሎም ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ሄደ። ጫንቃ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ወደ ውሃው የሚወርደውን ቁልቁለት እስኪያልፉ ድረስ ቆሞ አያቸው።